የነገን እንጀራ ለነገ የተወው ሰው

ወር መዳረሻ ላይ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለእናቴ የምልከው... አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ሲነጋ ሒሳቡ ያው ነው፤ የጨመረው ድካሜ ብቻ! ይህን ልማዴን እንድጠይቀው ያደረገኝ፣ ከሞተ ከ120 ዓመት በላይ የሆነው ጆርጅ ሙለር ነው።

ሙለር እ.ኤ.አ. በ1805 በፕራሻ ተወለደ። ወጣትነቱ አርአያ የሚሆን አልነበረም። የአባቱን ገንዘብ ይሰርቅ ነበር፤ በ16 ዓመቱም የሆቴል ሒሳብ ሳይከፍል ሊያመልጥ ሲል ተይዞ ታስሯል። በ1825 በሃለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በአንድ መኖሪያ ቤት በተደረገ የጸሎት ስብሰባ ላይ ተገኘ፤ ሕይወቱ ከዚያ ጀምሮ አቅጣጫውን ቀየረ። በ1829 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በማግስቱ ዓመት ትዳር የያዘ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ቋሚ ደመወዙን ተወ። እኔ ብሆን ይህን ባደረግሁበት ሌሊት የምተኛ አይመስለኝም።

በ1836 በብሪስቶል ከተማ ቤት ተከራይቶ ወላጅ አልባ ልጆችን ማሳደግ ጀመረ። የቆረጠው ነገር ግልጽ ነበር፦ ማንንም ገንዘብ አይለምንም፣ አይበደርም፣ የጎደለውን የሚነግረው ለፈጣሪው ብቻ ነው። ለቀጣዩ ቀን የሚሆን ሳንቲም በካዝናው ያልነበረባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። በ1841 መጨረሻ ችግሩ ሲጠና ዓመታዊ ሪፖርቱን ማውጣት ነበረበት። ልመና እንዳይመስልበት ብሎ ለወራት አዘገየው። ቢሆንም ሥራው ሰፍቶ በ1870 አምስት ትላልቅ ሕንፃዎች ለ2,050 ልጆች ቦታ ነበራቸው። በዕድሜ ዘመኑ ከ10 ሺህ በላይ ልጆችን አሳድጓል።

እምነቱ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አልነበረም። የገባውን ሁሉ ይመዘግባል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ሒሳቡን በይፋ ያሳትማል። የሚሠራውን ሠርቶ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን በጸሎት ለባለቤቱ ያስረክባል። ጸሎቱም ከሐዘን አላዳነውም፤ ሕፃን ልጁን በ1835፣ ባለቤቱን ሜሪን በ1870 ቀብሯል። እኔን የገረመኝ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሥራውን አለማቋረጡ ነው። በ1898 በ92 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በእጁ ያለፈ ሰው ለራሱ ያስቀረው ከ200 ፓውንድ በታች ነበር።

እኔ ጭንቀትን አሸንፌያለሁ ብዬ አልዋሽም። አሁን ግን ሒሳቤን ማታ አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ነገ ልሠራው የምችለውን አሰምርበታለሁ፤ ለቀረው እጸልያለሁ። ከዚያ ደብተሩን ዘግቼ መብራቱን አጠፋለሁ። አንዳንድ ሌሊት እተኛለሁ። ለእኔ ይህም ትልቅ ነገር ነው።