ደመወዙን ትቶ በብዕሩ ያደረ

እጃችን በሠራው ለማደር የተሰባሰብን እኛ ሴቶች፣ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ የሌለው ሰው ሐሳቡ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በዚህ እትም አቤ ጉበኛን ያነሣነውም ለዚሁ ነው።

አቤ በጎጃም፣ ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ ገጠር ተወልዶ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማረ። አድጎ የመንግሥት ሥራ ያዘ። ኋላ ግን ሥራውን ለቆ በድርሰት ብቻ ሊተዳደር ቆረጠ። አንባቢው ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ድፍረት ነው።

ለመድረክም ለንባብም ጻፈ። «የሮም አወዳደቅ» እና «የፓትሪስ ሉሙምባ አሳዛኝ አሟሟት» ከተውኔቶቹ መካከል ናቸው። በ1955 ዓ.ም. ያወጣው «አልወለድም» የተባለው ልብ ወለድ ግን ብዙ ዋጋ አስከፈለው። ድህነትና ግፍ ወደሞላበት ዓለም አልመጣም ብሎ በእናቱ ማኅፀን ሳለ የሚሟገት ፅንስ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ታገደ፤ ቅጂዎቹ ተሰብስበው ተቃጠሉ፤ ደራሲውም ወደ ኢሉባቦር ተጋዘ።

እኛ ሒሳብ ያዦች ይህን ኪሳራ ብለን በመዘገብነው ነበር። አቤ ግን ብዕሩን አላስቀመጠም። በ1961 ዓ.ም. ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ «አንድ ለናቱ»ን አሳተመ። በእኛው ወሎ መቅደላ ላይ ያለፉትን ንጉሥ ባላንጣዎቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር ይነገራል። ገበያ ተቀምጠን ልጅ ለምናሳድግ ለእኛ ይህ ስድብ አይደለም።

አቤ በ1972 ዓ.ም. አረፈ። «አልወለድም» ከእገዳው በኋላ እንደገና ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። በሚቀጥለው ስብሰባችን ማንበብ የምትችል እህት ላልቻለችው ታንብብላት።