የሻክያ አለቃ ልጅ ጎተማ

ከጌታችን ከኢየሱስ ክርስቶስ ልደት አምስት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ከሕንድ አገር በስተሰሜን በሂማላያ ተራራ ግርጌ ሻክያ የሚባል ሕዝብ ይኖር ነበረ። ለሕዝቡም አለቃ ሲድሃርታ ጎተማ የሚባል ልጅ ተወለደለት። የተወለደበትም ስፍራ ሉምቢኒ ዛሬ በኔፓል ግዛት ውስጥ ይገኛል። እናቱ በወለደችው በሰባተኛው ቀን ስለ ሞተች የእናቱ እኅት አሳደገችው።

እንደሚተረከው፣ አባቱ ልጁ ዓለምን ንቆ እንዳይመንን ፈርቶ ኀዘን በማይታይበት አዳራሽ አኖረው። ጎተማም አድጎ ሚስት አገባ፤ ደስታም አልጐደለበትም። ነገር ግን አንድ ቀን በሠረገላ ተቀምጦ ሲወጣ በመንገድ ላይ የጐበጠ ሽማግሌ አየ። በሌላም ቀን በሽተኛ፣ በሌላም ቀን ሬሳ አየ። ይህ ሁሉ በእርሱም ላይ እንደሚደርስ ባወቀ ጊዜ የአዳራሹ ደስታ መረረው። ኋላም ፊቱ የረጋ አንድ መናኝ አየና አሳቡን ቈረጠ። በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ገና የተወለደውን ልጁን ተኝተው ሳሉ ትቶ በሌሊት ወጣ።

ስድስት ዓመት በዱር ኖረ፤ አጥንቱ እስኪቈጠር ድረስም ጾመ። ነገር ግን ሰውነትን ማድከም ብቻውን ጥበብን እንደማይሰጥ ተረድቶ እህል ቀመሰ። በ35 ዓመቱም ቦድጋያ በሚባል ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያስብ የፈለገውን አገኘ። ከዚያም ወዲህ ቡድሃ ተባለ፤ ትርጓሜውም የነቃ ማለት ነው። የሰው መከራ ከምኞት እንደሚመጣ፣ ምኞቱን የገዛም ከመከራ እንደሚያርፍ አስተማረ። ተከታዮቹንም እንዳይገድሉ፣ እንዳይሰርቁ፣ እንዳያመነዝሩ፣ እንዳይዋሹ፣ የሚያሰክርም ነገር እንዳይጠጡ ከለከላቸው።

አንድ ቀን ደቀ መዛሙርቱ ወደሚኖሩበት ቤት ቢገባ፣ አንድ መነኵሴ በተቅማጥ ታሞ በገዛ እድፉ ላይ ወድቆ አገኘው። በሽተኛው ለባልንጀሮቹ የሚጠቅም ሥራ ስለማይሠራ የሚያስታምመው አልነበረም። ቡድሃም ውኃ አስመጥቶ ከረዳቱ ጋር አጠበው፤ አንሥተውም በአልጋ ላይ አስተኙት። ከዚህ በኋላ ሌሎቹን ሰብስቦ፣ እርሱን ማገልገል የሚወድ ሁሉ በሽተኛውን እንዲያገለግል አዘዘ። 45 ዓመት እየዞረ ካስተማረ በኋላ በ80 ዓመቱ በኩሺናጋር ሞተ።

በወንጌልም ጌታ ለታመመ ሰው የተደረገውን ለእርሱ እንደ ተደረገ አድርጎ ይቈጥረዋል። በዚህ ሁለቱ ትምህርቶች ይቀራረባሉ። በሌላ ነገር ግን ይለያያሉ። ቡድሃ ዓለምን ስለ ፈጠረ አምላክ አላስተማረም፤ ሰው በገዛ ትጋቱ ከመከራ እንዲወጣ መንገድ አሳየ እንጂ። ክርስቲያን ግን መዳንን ከፈጣሪው ጸጋ ይጠብቃል። ከቡድሃ ሞት አንድ ሺህ ዓመት ያህል በኋላ የተነሣው እስልምናም በአንድ ፈጣሪ ያምናል።

ሃይማኖቶቹ እንዲህ ቢለያዩም፣ ከአዳራሽ የወጣው ልጅ ታሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ ቋንቋ ደረሰ። ቦዲሳትቫ የሚለው የማዕርግ ስሙም በዓረብ ጽሕፈት ተለወጠ፤ በዚያ ጽሕፈት በ እና የ የሚለያዩት አንዳንድ ጊዜ በአንዲት ነጥብ ብቻ ነውና። ክርስቲያኖችም ታሪኩን ወስደው፣ በረላም በሚባል መናኝ ትምህርት በክርስቶስ ያመነ የንጉሥ ልጅ ታሪክ አደረጉት። በኢትዮጵያም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1553 ዓመት፣ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እንባቆም መጽሐፉን ከዓረብ ቋንቋ ወደ ግእዝ መለሰው። እንባቆምም ራሱ ከየመን መጥቶ እስልምናን ትቶ ክርስቲያን የሆነ ሰው ነበር። የግእዝ አንባቢዎች ይዋስፍ ብለው የሚያውቁት የንጉሥ ልጅ ታሪክ ሥሩ የጎተማ ታሪክ ነው።

አስተዋይ ሰው የሃይማኖቱን ልዩነት ያውቃል፤ ከሩቅ ሕዝብ የመጣውንም መልካም ነገር አይንቅም። የታመመ ባልንጀራውን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ግን የወንጌልንም የቡድሃንም ትምህርት አልጠበቀም።