ልዕልት ፀሐይ፦ በአንድ የምስክር ወረቀት ያልረካች ሕይወት

በአዲስ አበባ እምብርት ለገሃር ተብሎ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ላ ጋር ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. ከመዲናዋ ደረሰ፤ ዛሬም ቆሞ የሚታየው የጣቢያው ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚህ ጣቢያ ብዙ እንግዳ ተቀብሏል፤ ብዙ ዘመድም ተሸኝቷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የተንቀሳቀሰው ባቡር ግን የሀገር ሐዘን የጫነ ነበር። የማይጨው ጦርነት በሽንፈት ተደምድሞ የፋሺስት ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ወደ ስደት ያመራው በዚያ ባቡር ነው። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የ16 ዓመቷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን፣ በኋላ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ እና ከእቴጌ መነን አስፋው ተወለዱ። በቤተ መንግሥት ያደገች ልጅ ዕጣ ፈንታ በዚያ ዘመን የታወቀ ነበር፤ ለመዓርግ የሚመጥን ትዳር፣ ለክብር የሚመጥን ኑሮ። የታመመ ሰው ገላ ማጠብ፣ ቁስል መጥረግና ሌሊቱን ቆሞ ማደር የመኳንንት ልጅ ሥራ ተደርጎ አይታሰብም ነበር። ልዕልቲቱን ወደዚህ ሙያ የጠራቸው ጦርነቱ ነው።

በ1928 ዓ.ም. መባቻ የጣሊያን ወረራ አይቀሬ መሆኑ ሲታወቅ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ለዘማቹ ስንቅ፣ የቁስል መጠቅለያ ጨርቅና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ማዘጋጀት ጀመሩ። ልዕልት ፀሐይ በዚህ ሥራ ግንባር ቀደም ነበሩ። ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ ግን ጨርቅና ጭምብል ብቻውን እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። በሰናፍጭ ጋዝ የተቃጠለን ገላ እንዴት እንደሚያጥቡ፣ ደም የሚፈሰውን እንዴት እንደሚያቆሙ፣ የትኛውን ቁስለኛ አስቀድመው እንደሚያነሡ የሚያውቁ የሠለጠኑ እጆች ያስፈልጉ ነበር። እንዲህ ያሉ ኢትዮጵያውያን ነርሶች በዚያን ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበሩ። አብዛኛው የሕክምና ሥራ በውጭ ሀገር ሐኪሞችና በሚሲዮን ነርሶች ትከሻ ላይ ያረፈ ነበር። በጎ ፈቃድ ሞልቶ ሙያ የጎደለበት ሀገር ምን ያህል ሰው እንደሚያጣ ወጣቷ ልዕልት በዐይናቸው አዩ።

የስደቱ ጉዞ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ቀጠለ። ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለንደን ገቡ፤ በኋላም መኖሪያቸውን በባዝ ከተማ አደረጉ። ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝኛ አጥርተው ስለሚያውቁ ለአባታቸው በአስተርጓሚነት ያገለግሉ ነበር። በዚህ ሥራ ቢቀጥሉ የሚነቅፋቸው አልነበረም። እሳቸው ግን በዚያው ዓመት በለንደን ታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት፣ ተማሪ ነርስ ሆነው ገቡ።

የዚያ ዘመን ነርስነት ቀላል ትምህርት አልነበረም። ተማሪዋ በነርሶች መኖሪያ ታድራለች፤ ቀን በዋርድ ትሠራለች፤ በመካከሉ ትምህርቷን ትከታተላለች፤ ተራ ሲደርሳት ሌሊቱን ሙሉ ታድራለች። ፔኒሲሊን ገና ለሕሙማን አልደረሰም ነበር። በሳንባ ምች ወይም በዲፍቴሪያ የተያዘ ሕፃን መዳንና አለመዳኑ በአብዛኛው የሚወሰነው በነርሷ ትጋት ነበር፤ ትኩሳቱን በየሰዓቱ መዝግባ፣ አተነፋፈሱን አዳምጣ፣ ውኃና ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ሰጥታ፣ ለውጥ ስታይ ሐኪም በጊዜ ጠርታ። የሕፃን ሰውነት የትልቅ ሰው ሰውነት ትንሹ ምሳሌ እንዳልሆነ፣ የራሱ ሕግና የራሱ ልክ እንዳለው ልዕልቲቱ የተማሩት በዚህ ሆስፒታል ነው። ሦስት ዓመት ተምረው ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. በመንግሥት መዝገብ የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር የሕይወታቸውን አቅጣጫ ከሁሉ በላይ ይገልጣል። የብሪታንያ ፓርላማ የነርሶችን የምዝገባ ሕግ ያወጣው ልዕልቲቱ በተወለዱበት በ1912 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሕግ መሠረት አጠቃላይ ነርሶች በዋናው መዝገብ፣ የሕፃናት ነርሶች ደግሞ በሌላ ክፍል ይመዘገቡ ነበር። የሕፃናት ነርስ የሆነ ሰው አዋቂ ሕሙማንን በሚመለከት አጠቃላይ ነርስ ለመባል ሌላ ሥልጠና መውሰድና ሌላ ፈተና መቀመጥ ነበረበት። ልዕልት ፀሐይ የመጀመሪያውን ማዕረግ ይዘው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ነገር ግን የሚመለሱባት ሀገር የሕፃናት ብቻ ሳትሆን የቁስለኞች፣ የወላዶችና የአረጋውያንም ናት። ስለዚህ እንደገና ከተማሪ ወንበር ተቀምጠው በጋይስ ሆስፒታል ሁለተኛውን ሥልጠና ጀመሩ። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈነዳበት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ከሌሊት መደብደብ ጀመሩ። በሀገራቸው ሰማይ ላይ ያዩት ቦምብ በስደት ሀገራቸውም ተከተላቸው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ልዕልቲቱም በዚያው ዓመት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 1941 ወደ ነፃዪቱ ሀገር ተመለሱ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ከአቢይ አበበ ጋር በጋብቻ ተሣሠሩ። ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ተሹመው ስለነበር ሁለቱም ወደ ነቀምት፣ በያኔው አጠራር ወደ ለቀምት፣ ሄዱ። ከጋብቻቸው አራት ወር ሳይሞላ፣ በክረምቱ አጋማሽ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በዚያው በነቀምት ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና 22 ነበር። አስከሬናቸውም በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም፣ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ባረፉበት ሥፍራ ዐረፈ።

በሀገሪቱ ከማንም የተሻለ የነርስነት ትምህርት ከቀሰሙት አንዷ የነበሩት ሴት፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅም ሆነው፣ የሞቱት የገበሬ ሚስቶች በየመንደሩ በሚሞቱበት ምክንያት ነው። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ለሚመጣ ችግር መዓርግ ጋሻ አይሆንም። ለዚህ ጋሻ የሚሆነው በሰዓቱ የደረሰ፣ የሚያየውን የሚያውቅ፣ የሚያውቀውንም ለማድረግ እጁ የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው። አንድ የተማረ ሰው ራሱን ሊያዋልድ፣ ራሱን ሊያክም አይችልም፤ ሀገር የሚያስፈልጓት ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹንም የሚያፈራው ትምህርት ቤት ነው።

ይህን በሚገባ ከተረዱት አንዷ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበሩ። ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገተውን ጋዜጣቸውን ማሳተም የጀመሩት የጠላት ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ልዕልቲቱ ሲያርፉ በስማቸው ሐውልት እንዲቆም አልጠየቁም፤ ሆስፒታል እንዲሠራ ለንደን ላይ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። በዓመታት ጥረት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተከፈተ። ሆስፒታሉ ሕሙማንን ከማከም ሌላ ነርሶችን የሚያሠለጥን ቤትም ሆነ።

በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመታሰቢያው ትርጉም ከልዕልቲቱ አሟሟት ጋር የገጠመበት ጊዜ መጣ። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በዚህ ሆስፒታል ለነርሶች የአዋላጅነት ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ነበር። ተማሪ እንዲሆኑ የታሰቡት ነርሶች ናቸው፤ በነርስነታቸው ላይ ሌላ ዕውቀት እንዲጨምሩ፣ ልዕልቲቱ ከሕፃናት ሆስፒታል ወደ ጋይስ እንደተሻገሩ ሁሉ አንድ ደረጃ ከፍ እንዲሉ። ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ባለፉት ሴት ስም የሚጠራው ሆስፒታል ሌሎች ሴቶች በወሊድ እንዳይሞቱ የሚያስተምር ሆነ።

ሐምሊኖች በዚያው ሆስፒታል ያልጠበቁትን መከራ አገኙ። ምጡ ለቀናት ቆይቶባቸው፣ ልጃቸው ሞቶ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው፣ ከቤትና ከጎረቤት የተገለሉ እናቶች ከሩቅ ገጠር ይመጡ ነበር። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ጉዳት የሚደርሰው የሕፃኑ ጭንቅላት ለረጅም ሰዓት ተቀርቅሮ የእናቲቱን ገላ ሲጎዳ ነው፤ የሠለጠነ አዋላጅ በጊዜው ቢያውቀውና እናቲቱን ወደ ሆስፒታል ቢልካት አይደርስም ነበር። ከዚህ ልምድ በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሐምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተወለዱ። ኮሌጁ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶችን አስተምሮ ወደ መጡበት አካባቢ ይመልሳል።

የነርሶች ትምህርትም ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙ መንገድ ተጉዟል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖች ጋር ለገጠሩ ሕዝብ የሚያገለግሉ ነርሶችን ማሠልጠን ያዘ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥርም እሱ ነው። ዛሬ በጎንደርም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ነርሶች በሁለተኛ ዲግሪ ይማራሉ። ልዕልት ፀሐይ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሦስት ዓመት የደከሙበት የሕፃናት ነርስነት ዛሬ በሀገር ውስጥ በድኅረ ምረቃ የሚሰጥ ሙያ ነው። ተማሪዋ አሁን የምትማረው አልጋ ማንጠፍና ትኩሳት መለካትን አይደለም፤ ያን አስቀድማ ታውቃለች። የበሽታን ስርጭት በቁጥር መመርመር፣ የጥናት ውጤትን መመዘን፣ ዋርድ መምራት፣ ጀማሪ ነርሶችን ማስተማር፣ በመጨረሻም በራሷ ጥያቄ ላይ ጥናት ሠርታ መመረቅ ነው የሚጠበቅባት። በአንድ ጤና ጣቢያ ለምን ብዙ ሕፃናት ከወሊድ በኋላ እንደሚቀዘቅዙ የምትጠይቅ ነርስ፣ ጥያቄዋን በቁጥር መልሳ አሠራሩን ስታስለውጥ፣ የምታድነው በእጇ የያዘችውን አንድ ሕፃን ብቻ አይሆንም።

ይህ ትምህርት ዋጋ ያስከፍላል። ነርሷ ከሥራዋ ትለያለች፤ ቤተሰቧ ይጠብቃታል፤ የላካት ጤና ጣቢያም አንድ እጅ ይጎድለዋል። ለመማር የሄደች ነርስ ሙያዋን የተወች የሚመስላቸው አሉ። የልዕልት ፀሐይ ሕይወት ግን ሌላ ያስተምራል። በሰላም ጊዜ ለመቀመጥ ምክንያት የነበራቸው፣ በስደት ደግሞ ለመተው ምክንያት የነበራቸው ሴት፣ የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት በእጃቸው እያለ ከሁለተኛው ትምህርት ቤት በር ደረሱ።

የመታሰቢያ ሆስፒታሉ በደርግ ዘመን ስሙ ተለውጦ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ይባላል። በዚያ ሰፈር ስለ ልዕልቲቱ የሚያውቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። የከተማዋ ቀላል ባቡር ግን ለገሃርን ከጦር ኃይሎች ጋር በአንድ መስመር ያገናኛል፤ ልዕልቲቱ ለስደት ከተነሡበት ጣቢያ እስከ መታሰቢያቸው ያለው መንገድ የጥቂት ፌርማታ ጉዞ ሆኗል። ስማቸው ከበሩ ላይ ቢነሣም፣ በመታሰቢያቸው የተጀመረው ሥራ በየጤና ጣቢያው፣ ምጥ በያዛት እናት አጠገብ፣ ደጋግማ በተማረች ነርስ እጅ ይቀጥላል።