ሆስፒታል የሚያሠራ ይገኛል፣ ደመወዝ የሚከፍልስ?

ከልደታ በባቡር ተሳፍሮ ጦር ኃይሎች፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ የሚወርድ ሰው የጦር ኃይሎች ሆስፒታልን ያውቀዋል። የቀድሞ ስሙ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነበር። ለማሠሪያው በእንግሊዝ አገር ገንዘብ በማሰባሰብ ግንባር ቀደሟ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው።

ሲልቪያ በ1874 ዓ.ም. በማንቸስተር ተወለዱ። ሥዕል ተማሩ፤ ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉም ደጋግመው ታሰሩ። ለጤና ዓምዳችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በምሥራቅ ለንደን የድሆች ሰፈር የሠሩት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባሎቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች የታመሙ ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ከመድኃኒቱ በፊት የጎደለው ወተትና የቤት ኪራይ መሆኑን አዩ። አንድ መጠጥ ቤት ወደ እናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ቀየሩ፤ ወተት አደሉ፤ ያለ ትርፍ የሚሸጥ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ለዘማች ቤተሰብ ስለሚገባው ተቆራጭ ባለሥልጣናትን ሞገቱ።

ዛሬ ይህን መሰሉን ሥራ በሆስፒታል የሚሠራውን ባለሙያ ሶሻል ወርከር እንለዋለን። በለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ በ1887 ዓ.ም. ስትቀጠር፣ ደመወዟን በአብዛኛው የሸፈነው በጎ አድራጊ ማኅበር ነበር። ማን ይክፈል የሚለው ጣጣ አዲስ አይደለም።

ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ሲልቪያ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ጀመሩ። በለንደን ነርስነት የተማረችው ልዕልት ፀሐይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመቷ ስታርፍ፣ መታሰቢያ ሆስፒታሏን ለማሠራት ዓመታት ደከሙ። በ1948 ዓ.ም. ኑሯቸውን አዲስ አበባ አደረጉ፤ እዚህም በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ተሳተፉ። በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ተቀበሩ።

ሕንፃ ስም ስለሚጻፍበት ለጋሽ ያገኛል፤ የሶሻል ወርከር የወር ደመወዝ ግን ሪባን አይቆረጥለትም። በእኔ ግምት በዕቅድ ጊዜ ይህ የሥራ መደብ ወደ ኋላ የሚገፋው ለዚህ ነው። ሐኪሙ የታዘዘው ኬሞቴራፒ ለምን እንደተቋረጠ አይነገረው ይሆናል፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ በልደታው ጥቁር አንበሳ የሚታከም ሰው ማደሪያ አጥቶ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚጠይቅ ሰው መቀጠር አለበት።

እስከዚያው፣ አንባቢያችን፣ እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ ሆስፒታል ሲተኙ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍሉን በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ፤ ሒሳብ ተሠርቶ መውጫው እስኪደርስ አይጠብቁ። የመክፈል አቅም ከሌለዎ የነፃ ሕክምና ማስረጃ የሚሰጠው የሚኖሩበት ወረዳ ነው። የጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎንና የሪፈር ወረቀትዎን አብረው ይያዙ። አስታማሚ ማደሪያ ወይም መመለሻ ከቸገረውም ሳያፍሩ ይንገሯቸው። ወረቀቶቹን ከማስረከብዎ በፊት ፎቶ ኮፒ ያስቀሩ።