ሦስት ጊዜ ፈተና የወደቀው ሐኪም፦ የሊ ሺጀን ሕይወት

በፈተና ሰሞን በየመኝታ ክፍሉ ከሚሰማው እሮሮ አንዱ የሆድ ነገር ነው። አንዱን ቁርጠት ይዞታል፤ ሁለተኛው ሆዱ ተነፍቶ እንቅልፍ አጥቷል፤ ሦስተኛው ከመጸዳጃ ቤት አልለይ ብሏል። መካሪም አይጠፋም። የቆላው ልጅ መተኮስ ነው የሚያሽርህ ይለዋል፤ የደጋው ልጅ ጭቁኝ ጨምቀህ ጠጣ ይለዋል፤ የሳይንስ ፋኩልቲው ተማሪ ደግሞ ሁለቱንም ሰምቶ ይስቃል። የሚያምኑትም ሆኑ የሚስቀው ግን አንድ ነገር ይጐድላቸዋል፤ ይኸውም ሄዶ መመርመር ነው። ይህን ጉድለት በሕይወቱ ያረመ አንድ ሰው ስለ ነበረ ታሪኩን ለጓደኞቼ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊ ሺጀን በ1518 በቻይና አገር በሁቤይ ግዛት፥ ከያንግጼ ወንዝ ዳር ባለችው በቺጆ ከተማ ተወለደ። ዘመኑ በእኛ አገር ዐፄ ልብነ ድንግል የነገሡበት ነበር። አያቱ ደወል እያቃጨሉ ከመንደር መንደር የሚዞሩ መድኃኒተኛ፥ አባቱ ሊ ያንዌንም በአካባቢው የታወቁ ሐኪም ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ቻይና የሐኪም ክብር ዝቅ ያለ ነበርና አባትየው ልጃቸው የመንግሥት ፈተና አልፎ ሹመት እንዲያገኝ እንጂ የእርሳቸውን ሙያ እንዲወርስ አልፈለጉም።

ልጁ በ14 ዓመቱ የመጀመሪያውን ፈተና በማለፉ ቤተ ሰቡ ደስ አለው። ደስታው ግን አልቀጠለም። ለግዛቱ ፈተና ሦስት ጊዜ ተቀመጠ፤ ሦስቱንም ጊዜ ወደቀ። በዚህም መካከል፥ ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ሳልና ብርቱ ትኩሳት ያዘው። ከአንድ ወር በላይ መድኃኒት ቢለዋውጥም ባሰበት እንጂ አልተሻለውም፤ የሚያዩት ሁሉ አይተርፍም አሉ። በመጨረሻ አባቱ የቀድሞ መጻሕፍትን አገላብጠው አንዲት ቢጫ ሥር ቀቅለው ቢያጠጡት ትኩሳቱ በማግሥቱ በረደ። ከሦስተኛው ውድቀት በኋላ ወጣቱ የፈተናውን መንገድ ትቶ ከአባቱ ሥር ሕክምና ለመማር ቆረጠ፤ አባትየውም ፈቀዱ።

በሥራው ላይ ብዙም ሳይቆይ አንድ ከባድ ነገር ተገለጠለት። ሐኪሞች የሚመሩባቸው የመድኃኒት መጻሕፍት በስሕተት የተሞሉ ነበሩ። ሁለት የተለያዩ ዕፅዋት በአንድ ስም ይጠራሉ፤ አንዱ ቅጠል በሁለት ስም ተጽፎ እንደ ሁለት መድኃኒት ይቈጠራል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እንደ ባዜቃ ያለው መርዝ ዕድሜ ያረዝማል ተብሎ ተመዝግቧል። በመጽሐፍ ላይ የሰፈረ ስሕተት በበሽተኛው ላይ ሞት ይሆናል። ስለዚህ ሊ ሺጀን በ1552 አዲስ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ተነሣ። ይህም በእኛ በኩል አሚር ኑር የሐረርን ግንብ ያሠሩበት ዘመን አካባቢ ነው።

አሠራሩ ሁለት ወገን ነበረው። በአንድ በኩል ከ800 የሚበልጡ መጻሕፍትን መረመረ። በሌላው በኩል መጽሐፍ ብቻ እንደማይበቃ ስላወቀ ዱላውን ይዞ ወጣ፤ ከገበሬ፥ ከዓሣ አጥማጅ፥ ከእንጨት ለቃሚና ከአዳኝ ዘንድ እየተቀመጠ ጠየቀ። ከጠየቀ በኋላ ግን የሰሙትን በደፈናው አልተቀበለም። ፓንጎሊን የሚባለው ቅርፊታም አውሬ ጉንዳን ይበላል የሚለውን የጥንት ጽሑፍ ለማረጋገጥ ሆዱን ቀዶ ተመለከተ፤ በውስጡም ብዙ ጉንዳን አገኘ። እኛ አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ ከምንለው ተክል ጋር የሚዛመደውን አበባ ራሱ በወይን ጠጅ ቀምሶ አእምሮን እንዴት እንደሚያውክ ጻፈ። ይህ አደገኛ ነገር ስለ ሆነ ማንም እንዳይከተለው። ሰውዬው ግን በሌላ ሰው ላይ ከመፍረዱ በፊት በራሱ ላይ መፈተኑን ያሳያል።

የቹ መስፍን ዝናውን ሰምቶ በቤቱ አገልጋይ አደረገው፤ ኋላም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የሕክምና ተቋም ወደ ቤይጂንግ ተላከ። በዚያ የነበረው ኑሮ ለሹመት ፈላጊ የሚያስቀና ነበር፤ እርሱ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሥራውን ትቶ ወደ አገሩና ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ እየከለሰ ጽፎ በ1578 ጨረሰ። ሲጀምር ጐልማሳ፥ ሲፈጽም የ60 ዓመት ሰው ነበር። መጽሐፉ፥ በንጻው ጋንግሙ የሚባለው፥ በ52 ክፍል 1,892 መድኃኒቶችንና ከ11,000 በላይ የአወሳሰድ ትእዛዞችን ይዟል፤ ከመድኃኒቶቹ 374ቱን የጨመረው እርሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና ከሦስቱ ፈተናዎች የከበደ ነበር፤ የሚያሳትምለት ሰው ጠፋ። በ1580 ወደ ታዋቂው ሊቅ ወደ ዋንግ ሺጀን ሄዶ መቅድም እንዲጽፍለት ለመነ፤ መቅድሙን ያገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1590 ነው። በመጨረሻ አንድ የናንጂንግ አሳታሚ ሥራውን ተቀበለ። ደራሲው ግን በ1593 ዐረፈ፤ መጽሐፉ ታትሞ የወጣው በ1596 ነው። የሕይወቱን ድካም በእጁ ይዞ ሳያየው ተቀበረ።

አሁን ወደ ሆዳችን ጉዳይ እንመለስ። የሊ ሺጀን ከተማ ቺጆ አይ በሚባል ቅጠል የታወቀች ናት፤ አባቱም ስለዚህ ቅጠል ጽፈዋል። አይ የጭቁኛችንና የአሪታችን ዘመድ ነው። ቻይናውያን ደርቆ የከረመውን ቅጠል ወቅጠው እንደ ጥጥ ካለሰለሱት በኋላ ጠቅልለው በእሳት ይለኩሱታል። ጢሱና ሙቀቱ እንዲደርስ ከቆዳው ጥቂት ያርቁታል፤ አለዚያም በስስ ዝንጅብል ላይ ያደርጉታል። ለሆድ ሕመም የሚመረጠው ቦታ ከእምብርት ግራና ቀኝ፥ እንዲሁም ከጉልበት በታች ነው። ሊ ሺጀን ቅጠሉ ብርድንና እርጥበትን ከሆድ ያስወጣል ብሎ መዝግቧል። በጋለ ብረት ከሚደረገው የእኛ መተኮስ ጋር ዘመድነት ቢኖረውም፥ የእኛው ቆዳ ያቃጥላል፤ ቁስል ትቶም ሊያመረቅዝ ይችላል።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ለጆሮ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ብርቱ ተቅማጥ የያዘው ሰው ከሰው ዐይነ ምድር የተዘጋጀ መድኃኒት እንዲጠጣ ይላል። ይህ አሳብ በ4ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከጌ ሆንግ ጀምሮ በቻይና የታወቀ ነው። ለብዙ ዘመን የሚያስቅ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ በአንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቈጠሩ ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ፥ ብዙዎቹም ጠላት ሳይሆኑ ረዳት እንደሆኑ ከታወቀ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በ2013 ይፋ የሆነ የኔዘርላንድ ጥናት፥ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ እየተመላለሰ በተቅማጥ ለሚያሠቃያቸው ሰዎች የጤነኛ ሰው ዐይነ ምድር ተጣርቶ በቱቦ ቢሰጥ ከተለመደው መድኃኒት የበለጠ እንደሚፈውስ አሳየ።

አንጀቱ ሳይቆስል እየተቆጣ ለሚያስቸግረው፥ ሐኪሞች አይ ቢ ኤስ ለሚሉት ሕመም ግን መልሱ ገና ነው። የብዙዎቹ በሽተኞች የአንጀት ባክቴሪያ ከጤነኞች የተለየ ሆኖ ተገኝቷል፤ የዐይነ ምድሩ ሕክምና ግን አንዱን ሲጠቅም ሌላውን አልጠቀመም። የቻይና ተመራማሪዎች የአይ ቅጠል ሙቀት ተቅማጥንና ቁርጠትን እንደሚቀንስ፥ በአይጦችም ላይ የአንጀትን ባክቴሪያ እንደሚለውጥ ጽፈዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ ሙቀቱና ጢሱ ስለሚታወቅም በሽተኛው ሐሰተኛውን ሕክምና ከእውነተኛው መለየት ይችላል። በዚህ ሕመም ደግሞ መታከሙን ማመን ብቻውን ብዙ ሰው ያሻሽላል። ስለዚህ የፍርዱ ቀን አልደረሰም።

ፈተናውን ያለፈም አለ። ሊ ሺጀን ለወባ ትኩሳት የመዘገበው፥ ከርሱም በፊት ጌ ሆንግ የጻፈለት ጪንግሃው የአይ ዘመድ ነው። ከዚሁ ተክል ቱ ዩዩ የተባለችው ቻይናዊት በ1972 አርቴሚሲኒንን አወጣች፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። በ2022 ድሬዳዋን ያስጨነቃት ወባ ሲነሣ ለብዙዎቻችን የተሰጠው እንክብል ከዚህ የተገኘ ነው። ከዚያው መጽሐፍ ደግሞ ዛሬ ማንም ሐኪም የማይቀበለው ብዙ ነገር ወድቋል። የወደቀውን ከጸናው የለየው ሳቅም እምነትም አይደለም፤ ምርመራ ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ሆዱ የሚያስቸግረው ሁሉ አስቀድሞ ዐይነ ምድሩን ያስመርምር፤ በአገራችን አሜባና ጃርዲያ ሞልተዋልና። ደም ያየ፥ ትኩሳት ያለው ወይም የከሳ ሰውማ አንድ ቀንም አይዘግይ። ነገር ግን ምክሬ በዚህ አያበቃም። የአያቶቻችን የመድኃኒት ዕውቀት በየሽማግሌው አፍና በየብራናው ተበትኖ ይገኛል፤ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ሊ ሺጀን ይህን ለመሰብሰብ ዲፕሎማ አልነበረውም፤ ሦስት ጊዜ የወደቀ ተማሪ ነበር። በክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ አንድ ደብተር ይዘን፥ የቅጠሉን ስም፥ የሚበቅልበትን ቦታና የሚሰጥበትን ሕመም ጠይቀን ብንጽፍ፥ የሳይንስ ፋኩልቲው ጓደኛችንም ከመሳቅ ይልቅ በቤተ ሙከራው ቢመረምረው፥ የእርሱን የ27 ዓመት መንገድ አንድ እርምጃ ጀመርን ማለት ነው።