ጎርደን ክሮዝቢ፤ የእሽቅድምድም መኪናዎች ሠዓሊ

በድሮ ጃጓር መኪና አፍንጫ ላይ ወደ ፊት ስትዘል የምትታየውን የብረት አውሬ ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። የቀረጻትን ሰው ስም የሚነግረን ግን ብንፈልግ በቀላሉ አናገኝም። ሰውየው ፍሬድሪክ ጎርደን ክሮዝቢ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፤ በ1885 ተወለደ፣ በ1943 ሞተ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያቺ አውሬ ከሥራው ሁሉ ትንሿ ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ዕድሜውን የፈጀው መኪና በመሳል ነውና።

መኪና መሳል ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ነንና ነገሩን በለመድነው በኩል እናስረዳ። የሰውነት ክፍሎችን የምናጠናበት የግሬይ መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው በ1858 ነው። ሥዕሎቹን የሣለው ሄንሪ ቫንዳይክ ካርተር የተባለ ሐኪም ነበር። ካለ ካርተር ሥዕል የግሬይ ጽሑፍ ለማን ይገባ ነበር? ሆኖም መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚጠራው በግሬይ ብቻ ነው። የሠዓሊ ዕጣ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ እጁ ይታያል፣ ስሙ ይረሳል።

ክሮዝቢ ስም ካለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው አይደለም። በዴይምለር የመኪና ፋብሪካ የንድፍ ክፍል ሠርቷል። መሳልን በአብዛኛው የተማረው በራሱ ጥረት ነው። በ1908 ዘ አውቶካር ወደተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ገባና እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የዚያ መጽሔት ሠዓሊ ሆኖ ታወቀ። መጽሔቱ ከ1895 ጀምሮ ሲታተም የቆየ ነበር።

ፎቶግራፍ እያለ ሠዓሊ ለምን አስፈለገ? የዚያን ጊዜው የፎቶ ፊልም ብርሃን ለመቀበል ዝግተኛ ነበር። በኃይል የሚበር መኪና ሲነሣ ወይ ይደበዝዛል፣ ወይም ጭራሹን የቆመ ይመስላል። ሲመሽማ ምንም አይወጣም። ኅትመቱም ሻካራ ስለ ነበር መልካም የተባለው ፎቶ ሳይቀር ገጹ ላይ ሲወርድ ይጨልማል። በመሆኑም አንባቢው የውድድሩን ፍጥነት፣ አቧራና ጭስ እንዲያይ ከተፈለገ በእጅ የሚሠራ ሰው የግድ ነበር።

የክሮዝቢ ብልሃት ከሁለት ነገር የተገኘ ይመስለናል። አንደኛው የፋብሪካ ልምዱ ነው። የፊት ዘንጉ የት እንደሚታሰር፣ ፓራፋንጎው በምን ብረት እንደተደገፈ፣ ራዲያተሩ ምን ያህል ወደ ኋላ እንዳዘነበለ ያውቃል። ባለቤቱ ሥዕሉን ሲያይ የራሱን መኪና ከሌላው ለይቶ ያውቀዋል። ሁለተኛው ዐይኑን ወደ መሬት አቅርቦ ማየቱ ነው። የፊቱ ጎማ በአንባቢው ላይ የሚመጣ እስኪመስል ድረስ ገዝፎ ይታያል፤ የጎማው ራጂዎች በመሽከርከር ብዛት ጠፍተዋል፤ ነጂው መሪው ላይ ተጣብቋል። በከሰል፣ በውሃ ቀለምና በወፍራም ቀለም ይሠራ ነበር። ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ይበቃዋል።

በዚያው መጽሔት ማክስ ሚላር የሚባል ሌላ ሠዓሊ ነበር። እሱ የመኪናውን ቆዳ ገፍፎ ሞተሩን፣ ማርሹንና ቧንቧውን ያሳያል፤ ማለትም የካርተርን ዓይነት ሥራ ይሠራል። ክሮዝቢ ግን በሕይወት ያለውን፣ የሚሮጠውን ነው የያዘው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል ለፈተና ሚላርን፣ ለግድግዳ ክሮዝቢን እንወስዳለን።

ከሥዕሎቹ ሁሉ ለእኛ የሚበልጥብን በሰኔ 1927 በፈረንሳይ አገር በሌ ማን የሆነውን የሚያሳየው ነው። ሌ ማን ለ24 ሰዓት ያለ ማቋረጥ የሚካሄድ ውድድር ነው። ቤንትሊ ኩባንያ ሦስት መኪና አሰልፎ ነበር። ሊመሽ ሲል ሜዞን ብላንሽ፣ ማለትም ነጭ ቤት ከተባለው ሥፍራ አጠገብ አንድ የፈረንሳይ መኪና ተንሸራቶ መንገዱን ዘጋው። የመጀመሪያው ቤንትሊ ያን ለመሸሽ ሲል ቦይ ገባ፤ ሁለተኛው ደርሶ ከፍርስራሹ ጋር ተላተመ። ሦስተኛውን የሚነዳው ሳሚ ዴቪስ ነበር። ዴቪስ ማን መሰላችሁ? የዚያው የዘ አውቶካር የስፖርት አዘጋጅ፣ የክሮዝቢ የሥራ ባልደረባ ነው። እሱም ፍሬን ይዞ መኪናውን በጎኑ ቢያዞርም ከመጋጨት አልዳነም። ሆኖም የተጣመመውን መኪና ከክምሩ ውስጥ አስወጥቶ፣ በደንቡ መሠረት ጥገናውን ራሱ ሠርቶ፣ በዝናብ ሌሊቱን ገፋ። በማግሥቱ ሲመራ የነበረው የፈረንሳዩ አሪየስ መኪና ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ተበላሸ። የዴቪስ ቤንትሊም አሸነፈ።

አብሮት የነዳው ደግሞ የእኛው ሙያ ሰው ነው። ዶክተር ደድሊ ቤንጃፊልድ የባክቴሪያ ጥናት ሊቅ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በግብፅ አገልግሏል፤ ከ1918 እስከ 1919 የኅዳር በሽታ ዓለምን ሲፈጅም በሙያው ተሰልፏል። (ለሐኪም ትርፍ ጊዜ የለውም የሚሉ መምህራን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?) ኋላ ያ የተጎዳ መኪና ለንደን ውስጥ ሳቮይ ሆቴል ግብዣው አዳራሽ ድረስ ገብቶ የክብር እንግዳ ሆኗል።

ያን የምሽት ግጭት ክሮዝቢ ሣለው። ፎቶ ሊይዘው ያልቻለውን ድንግዝግዝታ፣ የተደራረበውን ብረት፣ በዚያ መካከል የሚደርሰውን መኪና ዛሬ የምናየው በእሱ እጅ ነው። የሩጫ መኪናዎቹ ባለቤቶች በአብዛኛው ባለጸጎች ነበሩ፤ እሱ ግን ከመንገዱ ዳር በእርሳሱ የሚተዳደር ሠራተኛ ነው። ይህ ልዩነት ሊዘነጋ አይገባውም።

ወደ አውሬይቱ እንመለስ። የዊሊያም ላየንስ ኩባንያ ያን ጊዜ ኤስ ኤስ ካርስ ይባል ነበር። ጃጓር የሚለው ስም በ1935 ለሞዴሎቹ ወጣ። አንድ የመኪና ጌጥ ሻጭ ለኮፈን የሚሆን የጃጓር ምስል ሠርቶ ቢያወጣ ላየንስ አይቶ ተጸየፈው። የማስታወቂያ ኃላፊው ቢል ራንኪን ነገሩን ይዞ ወደ ክሮዝቢ ሄደ። በ1938 የተዘረጋችው፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ያስተኛችው አውሬ ተወለደች። ከጦርነቱ በኋላ በ1945 ኩባንያው የናዚዎቹን ኤስ ኤስ የሚያስታውሰውን ስም ጥሎ ጃጓር ሲባል እሷም አብራ ቀጠለች። ኋላ ግን መኪና የገጨውን እግረኛ የባሰ እንዳትጎዳ ተብሎ ከኮፈን ላይ ወርዳለች። የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው በዚህ አይከራከርም።

ክሮዝቢ ጦርነትን ሁለት ጊዜ አይቷል። በአንደኛው በእንግሊዝ የበረራ ጦር ውስጥ ሆኖ የተማረኩ የጠላት አውሮፕላኖችን በንድፍ ያነሣ ነበር። በሁለተኛው ውድድሩ ሁሉ ቆመ፤ ቤንዚን በራሽን ሆነ፤ የሚሳል የስፖርት መኪና ጠፋ። በ1943 ክሮዝቢ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

ስለ እሱ የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ሞተ ብለው ብቻ ያልፋሉ። ሰው በሳንባ ምች ወይም በልብ ሕመም ሲሞት በሽታው በስሙ ይጠራል፤ በመንፈስ ሕመም ሲሆን ግን እንደ ነውር ይሸፈናል። ምን እንደ ነበረበት ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሆነን አንመረምርም፤ ሐኪም ያላየውን በሽተኛ አያክምም። ግን በየማደሪያችን አንድ ጓደኛ ከክፍሉ አልወጣም ሲል፣ ምግብ ሲተው፣ ሰው ጠላ ብለን ስንት ጊዜ አልፈነዋል? እንዲህ ያለውን ሕመም ደብቆ ማለፍ በለንደንም ሆነ እኛ ዘንድ ያው ነው። ስለዚህ አልሸፈንነውም።

በ1978 የዘ አውቶካር የቀድሞ አዘጋጅ ፒተር ጋርኒየር የክሮዝቢን ሥዕሎች ሰብስቦ በመጽሐፍ አወጣቸው። ለሳምንታዊ መጽሔት ተብለው የተሠሩት ወረቀቶች ዛሬ በጨረታ ይሸጣሉ። የሚገዟቸውም በአብዛኛው የድሮዎቹን መኪናዎች ራሳቸውን የሚገዙት ሰዎች ናቸው።