ራስ ወልደ ሥላሴና የሰንጠረዥ ጨዋታ

ባለፈው ክረምት እዚሁ ሐዋሳ በአንድ አባላችን ለቅሶ ላይ ከድንኳን አምሽተን ነበር። እንደ ልማዳችን ገሚሱ ካርታ፣ ገሚሱ ዳማ ይዟል። አንድ ጎረምሳ ግን ቼዝ ዘርግቶ እንድንጫወት ለመነን። ነጩን ለእኛ ሰጥቶ ጥቁሩን እሱ ያዘ። እኛ ወታደሮቻችንን ወደ መሐል እየነዳን ስንገሰግስ፣ ልጁ ዳር ዳሩን ፈረሱን አወጣ፣ ንጉሡን ሸሸገ፣ መሐሉን ለቀቀልን። ፈራ ብለን ደስ አለን። ኋላማ ያ የዘረጋነው ሁሉ ጠባቂ አጥቶ አንድ በአንድ ተለቀመ። ይህን አጨዋወት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒምዞቪችና ሬቲ የተባሉ የአውሮፓ ሊቃውንት እንዳስፋፉት ልጁ አስረዳን። መሐሉን ቶሎ በወታደር አለመያዝ፣ ከሩቅ መቆጣጠር፣ ሌላው ሲንጠራራ መምታት ነው ነገሩ።

ለእኛ ግን ትዝ ያለን የአገራችን ሰንጠረዥና ወዳጁ ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ስለዚህ ታሪካቸውን በአጭሩ ልናጫውታችሁ ወደድን።

ራስ ወልደ ሥላሴ የእንደርታ ሰው፣ የደጃዝማች ክፍለ ኢየሱስ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ከኃይለኛው ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር ተጣልተው በስደት ብዙ ተንከራተዋል። ያኔ ፊት ለፊት ቢጋጠሙ ኖሮ አንድ ቀን አይውሉም ነበር። ጊዜያቸውን ጠበቁ። ራስ ሚካኤል ካለፉ በኋላ ተነሥተው ትግራይን ያዙ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም ወደ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ገዙ። መቀመጫቸው ሕንጣሎና ጨለቆት ነበር። የጨለቆት ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ እሳቸው ናቸው። የአሞሌ ጨው መንገድና ከምጽዋ የሚመጣው የጠመንጃ ንግድ በእጃቸው ስለነበር የልብ ልብ ተሰምቷቸዋል።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እና በ1810 እ.ኤ.አ. መጥቶ አይቷቸዋል። ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ቀጭን፣ ዐይናቸው ግን ንቁ እንደነበር ጽፏል። ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሰንጠረዥ መጫወት እንደሚወዱና ጠጠሮቹም በዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትላልቅ እንደነበሩ መዝግቧል።

የሰንጠረዡ ሕግ ከቼዝ ይለያል። ሰሌዳው ባለ 64 ቤት ሆኖ ነጭና ጥቁር ሳይሆን በመስመር ብቻ የተከፈለ ጨርቅ ነው። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ አሉበት። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ እንደዛሬዋ ንግሥት እንደ ልቡ አይፈነጭም። ዋናው ነገር ግን ወረራው ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ የለም! አንዱ ከሌላው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ብልህ የሆነ የባላንጣውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ መልሶ ይሠራል። ጎበዙም የሚለየው ቀድሞ በመምታት ሳይሆን ደህና አድርጎ በመደርደር ነው። ያ ጎረምሳ በድንኳን ያሳየን ጨዋታ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የራስ ወልደ ሥላሴ አገዛዝም እንዲሁ ነበር ብንል አንሳሳትም። ከየጁው ከራስ ጉግሣ ጋር ዘመናቸውን ሙሉ ሲተያዩ ኖሩ። ጠመንጃ ሰበሰቡ፣ ናትናኤል ፒርስን የመሰለ ፈረንጅ አስጠጉ፣ ከባሕር ማዶ ንጉሥ ጋር ስጦታ ተለዋወጡ። ጎንደርን ግን እንዳሰቡት ሳይቆጣጠሩ በ1808 ዓ.ም. ሕንጣሎ ላይ ዐረፉ።

እንዲህ ያለ አሰላለፍ የሚያውቁ ሰው አንድ ነገር ሳይደረድሩ ቀሩ፤ ሁሉም የሚቀበለው ወራሽ አላቆሙም። ስለዚህ ገና ከማረፋቸው መኳንንቱ ለሥልጣን ተፋጁ፤ አገሩም ታወከ። በመጨረሻ የዓጋሜው ሰባጋዲስ አሸንፈው ትግራይን ያዙ። ሳይቀድም ያልተደረደረ ጠጠር ኋላ ማንም ይለቅመዋል።

ይህን የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጸሐፊነት ዘመናችን የሰውን መዝገብ ስንሞላ ኖረናል። ዘንድሮ የዕድሩን መዝገብ ስናገላብጥ በስማችን ትይዩ የወራሽ ዓምድ ባዶ ሆኖ አገኘነው። ባለቤታችን ካረፉ ወዲህ ስማቸውን ሰርዘን ሌላ ሳንጽፍ ቀርተን ኖሯል። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ ማንን ብንጽፍ ማን ይቀየማል እያልን ዓመት አልፎ ዓመት መጣ። የራስን ታሪክ ካነበብን በኋላ ግን ሦስቱንም ሰብስበን ተነጋገርንና በስምምነት አስመዘገብን። ያሰብነው ቅያሜ አልመጣም።

እናንተም ዓምዳችሁን እዩ። ገንዘብ ያዡ በወሩ ስብሰባ መዝገቡን ይዞ ይቀመጣል። ያ ጎረምሳም ቼዙን ይዞ እንዲመጣ ነግረነዋል። አሁን ጥቁሩን እኛ እንይዛለን።

በሉ እንግዲህ፣ ቸር ያሰንብተን።